ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ

ቁርበት ለእንግዳ ይነጠፋል፤ ጅብ ግን ቁርበት ይበላል እንጂ አይቀመጥበትም። የተረቱ ሳቅ እዚህ ላይ ነው። በአገሩ ውሻ የሚለቀቅበት አውሬ፣ ጠባዩን የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ጨዋ እንግዳ ሆኖ መቀመጫ ያዛል። ባልታወቀበት ቦታ የማይገባውን ክብር ለሚጠይቅ ሰው ይተረታል።

ሐረር ላይ ግን የሚሠራ አይመስለኝም። ከጀጎል ግንብ ውጭ በየምሽቱ ሰው በእንጨት ጫፍ ሥጋ ያጎርሰዋል፣ ለዓሹራ ቅቤ ያለበት ገንፎ ይቀርብለታል። ቁርበት አንጥፉልኝ ቢል ሕፃኑም «ልትበላው ነው አቦ!» ይለዋል።

ተረቱ ልክ የሚሆነው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የሲስተም ሄደሮች ላይ ነው፤ ሄደር ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምባቸው ስሞች የታወጁበት ፋይል ነው። በሲ አንድ ሄደር በኢንክሉድ ትእዛዝ ሲጠራ የያዘውን ስም ሁሉ ፋይሉ ላይ ያራግፋል፤ ይህን ተቀበል፣ ያንን ተው ማለት የለም። «ሜጀር» እና «ማይነር» የመሣሪያ ቁጥርን የሚከፍሉ ማክሮዎች፣ ማለትም ኮዱ ከመተርጎሙ በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተኩ ስሞች፣ ናቸው፤ በሲስተም ፕሮግራመሮች ዘንድ የታወቁ፣ የተከበሩ። በሊነክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ግን «ሲስ/ታይፕስ» ሄደር ውስጥ ለማንም ይልካቸው ነበር። የሶፍትዌሩን ሥሪት ለማንበብ «ሜጀር» የሚባል ፈንክሽን የጻፈ ሰው ጨርሶ ያልጻፈው ስም በስህተት መልእክቱ ውስጥ ብቅ ይልበታል። ታይፕ (የዳታ ዓይነት ስም) ቢሆን ኖሮ ፈንክሽን ውስጥ በሌላ ስም ሊሸፈን ይችላል፤ ማክሮ ግን ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር የስሙን ወሰን፣ ማለትም ስሙ የሚታወቅበትን የኮድ ክፍል፣ ከማየቱ በፊት ጽሑፉን ይተካዋል። ጂሊብሲ እ.ኤ.አ. በ2017 በሥሪት 2.25 ማስጠንቀቂያ አስገባ፣ በ2018 በሥሪት 2.28 ከዚያ ሄደር አወጣቸው። አሁን የፈለጋቸው ሰው «ሲስማክሮስ» የሚባለውን ሄደር ለይቶ ይጠራል።

ታይፕም የራሱ ጣጣ አለው። የመጠን ታይፕ የሆነው «ሳይዝ_ቲ» በሲ ስታንዳርድ መሠረት ከ«ስትዲዴፍ»ም፣ ከ«ስትዲዮ»ም፣ ከ«ስትሪንግ»ም ሄደር መገኘት አለበት። ሲ11 ከሚባለው የስታንዳርዱ ሥሪት በፊት ደግሞ አንድን ታይፕዴፍ (ለታይፕ ስም የሚሰጥ መግለጫ) በአንድ ወሰን ሁለቴ መጻፍ ስህተት ነበር። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለዚህ ጥሩ መላ አበጅቷል፦ እውነተኛው ታይፕ በሁለት አንደርስኮር በሚጀምር ስም በውስጥ ሄደር ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ የአደባባይ ሄደር ቀድሞ ካልታወጀ ብቻ ከእሱ «ሳይዝ_ቲ»ን ያወጣል። ስለዚህ ሌላውን ሄደር ሁሉ እየጎተተ አይመጣም።

ጅቡ ሁልጊዜ ሲስተሙ ብቻ አይደለም። በ«_ቲ» የሚያልቁ ስሞችን ፖዚክስ፣ የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የጋራ ስታንዳርድ፣ ለራሱ ይዟቸዋል። በሁለት አንደርስኮር፣ ወይም በአንድ አንደርስኮርና በትልቅ ፊደል የሚጀምሩትም የኮምፓይለሩና የላይብረሪው ናቸው። «ባይት_ቲ» ብሎ የራሱን ታይፕ የሚሰይም ፕሮግራመር በሰው አገር ቁርበት እያስነጠፈ ነው፤ እኔ የፕሮጀክቱን ስም ከፊት መቀጠል ይሻላል ባይ ነኝ። ከሲስተሙ በኩል የሚመጣውን ለመቀነስ ደግሞ የትኛውን የፖዚክስ ሥሪት ስሞች እንደምንፈልግ የሚናገረውን ማክሮ «_ፖዚክስ_ሲ_ሶርስ»ን 200809 ብሎ መወሰን ይረዳል፤ ይህ የሚሠራው ግን ከመጀመሪያው ኢንክሉድ በፊት ከተጻፈ ብቻ ነው።