በኤንዲቲ ሰርተፍኬሽን «ስፔሲፊክ» ፈተና ምንድን ነው?

አንድ የግፊት ታንክ አለ እንበል። ብየዳው በፔኔትራንት፣ ማለትም ስንጥቅ ውስጥ በሚሰርግ ባለቀለም ፈሳሽ፣ ተፈተሸ። ፈሳሹን መልሶ በሚስበው ነጭ ሽፋን (ዴቨሎፐር) ላይ አንዲት ቀይ ምልክት ብቅ አለች። ርዝመቷ 4.5 ሚሊሜትር፣ ወርዷ 2 ሚሊሜትር ነው። ብየዳው ያልፋል ወይስ ይወድቃል?

ፔኔትራንት ስንጥቅ ውስጥ እንዴት እንደሚሰርግ፣ ዴቨሎፐሩ እንዴት መልሶ እንደሚስበው አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው እንኳ በዚያ እውቀቱ ብቻ ይህን ሊመልስ አይችልም። መልሱ ያለው ኮዱ ውስጥ፣ ማለትም የሚያልፈውንና የሚወድቀውን በሚወስነው የደንብ ሰነድ ውስጥ ነው። ስፔሲፊክ የሚባለው ፈተና የሚጠይቀውም እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ኤንዲቲ ዕቃውን ሳይቆርጡ፣ ሳይሰብሩ፣ ሳያበላሹ ጉድለቱን የመፈለግ ሙያ ነው። ለሌቭል 1 እና ለሌቭል 2 (ለሙያው አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ) የሚቀመጥ ሰው በአንድ ዘዴ ሦስት ፈተና ይወስዳል። ጄኔራል የዘዴውን ሳይንስ ይጠይቃል። ፕራክቲካል እጅና ዓይንን ይፈትናል። ስፔሲፊክ በመካከላቸው ነው። በምትሠሩበት ዘርፍ የሚሠራውን ኮድ፣ ስታንዳርድና ፕሮሲጀር አንብባችሁ በተጨባጭ ሥራ ላይ ማዋል መቻላችሁን ያያል።

ወደ ታንካችን እንመለስ። የኤኤስኤምኢ (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) ኮድ ሴክሽን 8፣ ዲቪዥን 1፣ አባሪ 8 እንዲህ ይላል። ከ1.5 ሚሊሜትር የሚበልጥ ምልክት ይቆጠራል። ርዝመቱ ከወርዱ ሦስት እጥፍ ከበለጠ «ሊኒየር» ነው፣ ካልበለጠ «ራውንድድ»። ሊኒየር ሁሉ ይወድቃል። ራውንድድ የሚወድቀው ከ5 ሚሊሜትር ሲበልጥ ነው። በ1.5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት አራትና ከዚያ በላይ ሆነው በአንድ መስመር ከተደረደሩም ይወድቃሉ።

የእኛ ምልክት ብቻዋን ናት። 4.5 ለ2 ሲካፈል 2.25 ነው። ስለዚህ ራውንድድ ናት፤ ከ5 ሚሊሜትርም አልበለጠችም። ታልፋለች። አሁን ወርዷን ብቻ ወደ 1.2 ሚሊሜትር አውርዱት። 4.5 ለ1.2 ሲካፈል 3.75 ይሆናል። ሊኒየር ሆነች፣ ወደቀች። ርዝመቷ ያው ነው። ፈታኙ ምርጫዎቹን ሲያዘጋጅ እንዲህ ያለችዋን ጠርዝ ይፈልጋል።

ሌላ ምሳሌ ከራዲዮግራፊ (በጨረር ምስል ከሚያነሳው ዘዴ) ልጨምር፤ በጄኔራልና በስፔሲፊክ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። የብረቱ ውፍረት 19 ሚሊሜትር ነው። የብየዳው ጉብታ 3 ሚሊሜትር ይገመታል፤ ይህም ኮዱ ከሚፈቅደው አልበለጠም። ከሥሩ የ5 ሚሊሜትር ባኪንግ ስትሪፕ፣ ማለትም ብየዳውን ከሥር የሚደግፍ ጠፍጣፋ ብረት፣ አለ። የምስሉን ጥራት የሚለካውን አይኪውአይ የምትመርጡት በስንት ሚሊሜትር ነው? ጨረሩ የሚያልፈው በሦስቱም ውስጥ ነው። ስለዚህ ፊዚክሱን የተማረ ሰው 27 ይላል። ኤኤስኤምኢ ሴክሽን 5 ግን ለአይኪውአይ ምርጫ ጉብታው ይደመር፣ ባኪንጉ አይደመር ይላል። መልሱ 22 ነው። የተጋላጭነት ጊዜ (ምስሉ እስኪነሳ ጨረሩ የሚለቀቅበት ጊዜ) ሲሰላ ባኪንጉን መርሳት አይቻልም፤ አይኪውአይ ሲመረጥ ግን አይቆጠርም።

የጥያቄው ብዛት ትንሽ ነው። የኤንዲቲ ሠራተኞችን ሰርተፍኬት በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ፣ በአይኤስኦ 9712 መሠረት፣ ስፔሲፊክ ቢያንስ 20 የምርጫ ጥያቄ አለው። ስሌትም ይኖርበታል። ለማለፍ 70 ከመቶ ያስፈልጋል። ከ20 ጥያቄ እያንዳንዱ 5 ነጥብ ይይዛል ማለት ነው። ስድስት መሳት ትችላላችሁ፣ ሰባተኛው ግን ይጥላችኋል።

በኤስኤንቲ-ቲሲ-1ኤ (አሠሪው ሠራተኞቹን ሰርተፋይ ለሚያደርግበት አሠራር በተጻፈ የአሜሪካ የምክር ሰነድ) በሚሠሩ ቦታዎች ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ሰነዱ የሚመክረው በእያንዳንዱ ፈተና ከ70 በታች እንዳይመጣ፣ የሦስቱ አማካይም ከ80 እንዳያንስ ነው። 92፣ 68 እና 90 ያመጣ ሰው አማካዩ ከ83 በላይ ነው፤ ግን በ68ቱ ምክንያት አላለፈም። 72፣ 74 እና 76 ያመጣ ሰው ደግሞ ሦስቱንም አልፏል፤ አማካዩ 74 ስለሆነ ግን ሰርተፍኬቱን አያገኝም። በስፔሲፊክ 70 ይዞ መውጣት እዚህ አያዋጣም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሌሎች በአማካይ 85 መሆን አለባቸው።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው ስፔሲፊክ ላይ ኮዱ ወይም ፕሮሲጀሩ አብሮ ሊሰጥ ስለሚችል ነው። «ኦፕን ቡክ ነው፣ ፈልጌ አገኘዋለሁ» ይላል። እኔ ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ኤስኤንቲ-ቲሲ-1ኤ ራሱ መጽሐፍ ተከፍቶ የሚመለሱ ጥያቄዎች መልሱን ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ መረዳትን እንዲጠይቁ ይመክራል። ሰነዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተና ክፍል ውስጥ የሚገልጥ ሰው ሰንጠረዡን ያገኘው ይሆናል። ከሰንጠረዡ ሥር ያለችውን ማስታወሻ ግን ይዘላታል። መልሱ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያች ማስታወሻ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከጄኔራል የተለየ ነው። መጀመሪያ የትኛው ኮድ፣ የትኛው እትም እንደሆነ ጠይቁ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ቁጥሮች ከእትም እትም ይለወጣሉ። በኤኤስኤምኢ ሴክሽን 5 ለፔኔትራንት የተለመደው የሙቀት ክልል ከ5 እስከ 52 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በድሮ እትሞች ግን ታችኛው ወሰን 10 ዲግሪ ነበር። ከበይነመረብ የወረደ የጥያቄ ስብስብ የትኛውን እትም ይዞ እንደተጻፈ አይነግራችሁም። ለጄኔራል እንዲህ ያለ ስብስብ ይጠቅማል። ለስፔሲፊክ ግን ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ቀጥሎ ሰነዱን ጥያቄ እያወጣችሁ አንብቡት። አንድ አንቀጽ ስትጨርሱ «ይህን ቁጥር ትንሽ ብለውጠው ውሳኔዬ ይለወጣል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከላይ ወርዱን ከ2 ወደ 1.2 እንዳወረድነው ማለት ነው። በቀን አምስት እንዲህ ያለ ጥያቄ ጽፎ መመለስ ሃምሳ ገጽ ከመሸምደድ ይሻላል። ማግኔቲክ ፓርቲክል (በማግኔትና በብናኝ ጉድለት የሚፈልገውን ዘዴ) የምትፈተኑ ከሆነ የዮክን፣ ማለትም የባለሁለት እግሩን ማግኔት፣ አቅም ውሰዱ። በኤኤስኤምኢ ሴክሽን 5 የኤሲ ዮክ ቢያንስ 4.5 ኪሎ፣ የዲሲ ወይም የቋሚ ማግኔት ዮክ ቢያንስ 18 ኪሎ ማንሳት አለበት። ቁጥሩን ይዞ መለኪያው በየትኛው የእግር ርቀት እንደሚወሰድ የረሳ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ርቀቱ በሥራው ላይ የሚውለው ትልቁ ርቀት ነው።

የኮድ እንግሊዝኛም ራሱን የቻለ ነገር ነው። «ሻል» ግዴታ ነው። «ሹድ» ምክር ነው። «ሜይ» ፈቃድ ነው። ሁለት ምርጫዎች በዚህች አንዲት ቃል ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ። ሰነዱን ስታነቡ ሻሎቹን በቀለም ብታሰምሩ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ኤስኤንቲ-ቲሲ-1ኤ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። ግዴታ የሚያደርገው አሠሪው የሚጽፈው «ሪትን ፕራክቲስ» የተባለ ሰነድ ነው። የጥያቄው ብዛትም ሆነ የማለፊያ ነጥቡ የሚታወቀው ከእሱ ነው። ስለዚህ ያንን ሰነድ ጠይቃችሁ አንብቡ። ጥያቄዎቹ ደግሞ ከድርጅቱ ፕሮሲጀሮች ሊወጡ ይችላሉ።

ስፔሲፊክ ላይ የለፋችሁት ድካም ፕራክቲካል ላይ እንደገና ይከፍላችኋል። በአይኤስኦ 9712 የሌቭል 2 ተፈታኝ ናሙና ፈትሾ ብቻ አይወጣም። ሌቭል 1 ሠራተኛ ተከትሎ ሊሠራበት የሚችል የጽሑፍ መመሪያም ያዘጋጃል። የሙቀቱ ክልል፣ ፔኔትራንቱ የሚቆይበት ደቂቃ፣ የብርሃኑ መጠን፣ ምን ምን ተመዝግቦ ሪፖርት እንደሚደረግ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። መመሪያው ብቻውን 70 ከመቶ ካላመጣ ናሙናው ላይ ጉድለቱን በትክክል ያገኘ እጅ ብቻውን አያሳልፍም።