«2024 ዋይ አር 4» የመኪና ታርጋ ነው እንዴ?

አይደለም፣ የአስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር ድንጋያማ አካል፣ ስም ነው። 2024 አካሉ የታየበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ። «ዋይ» ግማሽ ወሩን ይነግረናል፤ ከዲሴምበር 16 እስከ 31። እያንዳንዱ ወር ለሁለት ተከፍሎ የየራሱ ፊደል አለው።

ግራ የሚያጋባው መጨረሻው ነው። 4 ማለት አራተኛ ማለት አይደለም! ሁለተኛው ፊደል በዚያ ግማሽ ወር ለተገኙት በየተራ ይሰጣል። ከእንግሊዝኛ ፊደላት «አይ» 1ን ስለምትመስል ትዘለላለች፤ 25 ይቀራሉ። 4 የሚለው ፊደላቱ አራት ሙሉ ዙር መሄዳቸውን ነው። ይኸው 100 ሆነ። «አር» ደግሞ 17ኛ ናት። ስለዚህ በዚያ ግማሽ ወር 117ኛው ተመዝጋቢ ነው።

ይህ ግን ጊዜያዊ ስም ነው። ምህዋሩ በደንብ ሲታወቅ ቋሚ ቁጥር ያገኛል። አስትሮይዷ ሴሬስ 1 ቁጥርን ይዛለች። ምስኪኑ ፕሉቶ በ2006 ከፕላኔትነት ሲወርድ 134340 ደረሰው።