ፖይንሴቲያ ከገና በኋላ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካና በአውሮፓ በበዓላት ሰሞን በየሱፐርማርኬቱ የሚደረደረው ቀይ ፖይንሴቲያ፣ የፈረንጆቹን ገና አድምቆ ለእኛም የታኅሣሥ 29 ገና ይደርሳል፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ይህ የሜክሲኮ ተክል በመሠረቱ ለዓመታት የሚኖር ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግቢዎች ከአጥር በላይ አድጎ የሚታየውም እሱ ራሱ ነው። ያለ ጊዜው የሚጣለው ስለ እርሱ በሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች ምክንያት ነው።

«ቀዩ አበባ ከረገፈ ተክሉ ሞቷል»

ቀዩ ክፍል አበባ ሳይሆን ቀለሙን የለወጠ ቅጠል ነው። እውነተኛዎቹ አበቦች በመካከሉ የሚታዩት ትንንሽ ቢጫ እንቡጦች ናቸው። እነዚህ ካለቁ በኋላ ቀዩ ቅጠል መርገፉ የተፈጥሮ ሂደት ስለሆነ፣ ግንዱ በጥፍር ሲጫር ውስጡ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተክሉ በሕይወት አለ።

«መርዛም ስለሆነ ልጅ ካለበት ቤት መውጣት አለበት»

ይህ ፍርሃት የተስፋፋው በ1919 እ.ኤ.አ. በሃዋይ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ቅጠሉን በልቶ ሞተ ከተባለ በኋላ ነው፤ ወሬው ግን በማስረጃ አልጸናም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት ሪፖርት የተደረጉ 22,793 ከፖይንሴቲያ ጋር የተያያዙ አጋጣሚዎችን መርምሮ አንድም ሞት አላገኘም። ይህ ማለት ግን ተክሉ ለመብል ይሆናል ማለት አይደለም፤ ነጭ ወተቱ ቆዳን ሊያሳክክ፣ የበላውንም ሆድ ሊያውክ ስለሚችል፣ በተለይ ለጎማ ጓንት አለርጂ ያለበት ሰው ሊጠነቀቀው ይገባል።

«ቅጠሉ የሚረግፈው ስለጠማው ነው»

ብዙውን ጊዜ የሚገድለው የውኃ ብዛት ነው። ማሰሮው የተጠቀለለበት የሚያብረቀርቅ ወረቀት ውኃውን ይዞ ሥሩን ስለሚያበሰብስ፣ ተክሉ ቤት እንደገባ ወረቀቱን ማውለቅ ወይም ከሥሩ መቅደድ ያስፈልጋል። ውኃ የሚጠጣው የአፈሩ ገጽ በጣት ሲነካ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው።

«መቁረጥ ይጎዳዋል»

ሳይቆረጥ ከቆየ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይቀራል። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ከአፈሩ በላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ መከርከም፣ በግንቦት ጥቂት ሰፋ ወዳለ ማሰሮ ማዛወር፣ አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላም በየሁለት ሳምንቱ የቀጠነ ማዳበሪያ መስጠት ይበቃዋል።

«በማዳበሪያ ወይም ጨለማ ክፍል ውስጥ በመዝጋት እንደገና ይቀላል»

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ተክሉን በጋውን ሁሉ በደንብ ተንከባክቦ ገና ሲደርስ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ፖይንሴቲያ የማበቢያ ጊዜውን የሚያውቀው በሌሊቱ ርዝመት ነው። ለወራት ቀንና ሌሊት ጨለማ ውስጥ ቢዘጋበት ምግቡን የሚሠራበት ብርሃን አጥቶ ይከስማል፤ ማዳበሪያም ቢሆን ቅጠሉን ያበዛል እንጂ አያቀላውም። አስተማማኙ መንገድ ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል ባሉት ስምንት ሳምንታት ገደማ፣ በየዕለቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ብርሃን በማያሳልፍ ካርቶን መሸፈን፣ ቀን ላይ ደግሞ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ማኖር ነው። ጨለማው መቋረጥ የለበትም፤ ሌሊት ለጥቂት ጊዜ የሚበራ የሳሎን አምፖል እንኳ ማበቡን ሊያዘገየው ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ካርቶን የማያስፈልገው፣ ተክሉ ለመለወጥ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ያልተቋረጠ ጨለማ ስለሚበቃውና ይህንንም ከመስከረም በኋላ የሚረዝመው ሌሊት ራሱ ስለሚሰጠው ነው። በዚያም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራ የመንገድ ወይም የበር መብራት ራቅ አድርጎ መትከል ይሻላል።