«ሚስማሩ እኮ አልዛገም» እና ሌሎች የሰለቹኝ ነገሮች

ምስራቅ ጎጃም አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ከገባሁ ስምንት አመት አለፈኝ፣ በነዚህ አመታት አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ፈጣሪ ይወቀው፦ «ሲስተር፣ የመንጋጋ ቆልፉን መርፌ ተይው፣ ሚስማሩ እኮ አልዛገም።» ትናንትም ሰማሁት። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ።

«ባክቴሪያ የሚያሳምመን ስጋችንን እየበላ ነው።» አንዳንዱ አዎ፣ ብዙ ከባድ በሽታ ግን የሚመጣው ባክቴሪያው ከሚለቀው መርዝ ነው። ከነዚህ መርዞች አንዳንዶቹ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ናቸው፣ ፕሮቲኤዝ ይባላሉ። መቀስ በሏቸው። ግን ያገኙትን ሁሉ አይቆርጡም፣ አንድ ወይም ጥቂት ፕሮቲን መርጠው እሱንም ለይተው በሚያውቁት ቦታ ላይ ነው የሚበጥሱት።

«እንግዲያው ፕሮቲኤዝ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት ነው።» ኧረ ባክህ! የሌለው የለም፣ የተበላሸ የራሱን ፕሮቲን የሚያጸዳው በሱ ነው። ጠዋት የጠጣኸውን እርጎ ያረጉት ባክቴሪያዎችም የወተቱን ፕሮቲን ለምግባቸው የሚከትፉት በዚሁ መቀስ ነው፣ የራስህ ጨጓራም ስጋ የሚፈጨው በፕሮቲኤዝ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ዝገቱ። መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ የምንለውን የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቴታኒ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ስፖሩ (እንደ ዘር ደርቆ የተኛው ባክቴሪያ) አፈር ውስጥና የከብት የፈረስ ፋንድያ ውስጥ አመታት ይቀመጣል፣ አየር ስለማይወድ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ሲያገኝ ነው የሚነቃው። ዝገት እዚህ ውስጥ ምንም ስራ የለውም። የዛገ ሚስማር ስሙ የጠፋው አፈርና ፍግ ላይ ወድቆ ስለሚከርም ነው በቃ። ከሱቅ የወጣ የሚያብረቀርቅ ሚስማርም አፈር ነክቶ ከወጋህ ያው ነው፣ የግራር እሾህም፣ የአጋም እሾህም፣ ስንጥርም ያው። እንጅባራ በኩል ያላችሁ የፈረስ ወዳጆች ደግሞ ጋጣ በባዶ እግር ስትጠርጉ አስታውሱኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ አባባ ልጃቸው ደግፏቸው መጡ፣ ሃምሳ ምናምን ይሆናቸዋል። «ጥርሳቸው ነው፣ ንቀሉላቸው» አለ ልጁ። አፍዎን ይክፈቱ ብላቸው አንድ ጣት እንኳ አያስገባም፣ ፊታቸው ፈገግ ያለ ይመስላል ግን እየሳቁ አይደለም፣ አንገታቸው ደርቋል። እስክሪብቶዬ ወለሉ ላይ ወደቀብኝና በዛች ድምፅ ብቻ ጀርባቸው ወደ ኋላ እንደ ደጋን ተለመጠ። እግራቸውን ገልብጬ ሳይ ተረከዛቸው ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ አለች፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት በረት ሲጠርጉ የወጋቻቸው እሾህ ናት፣ ራሳቸው በመርፌ አውጥተው ረስተዋታል። «ሚስማር ቢሆን እንመጣ ነበር» አለኝ ልጁ። እሾህ አይዝግማ!

ምን ሆኖ ነው እንደዛ የሆኑት? መርዙ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ውስጥ እየተጓዘ አከርካሪ ድረስ ይወጣል፣ እዛ ሲናፕቶብሬቪን የሚባል ፕሮቲን ይቆርጣል፣ ይሄ የታወቀው በ1992 እንደ ፈረንጅ ነው። ጡንቻን «በቃህ፣ ላላ» የሚሉት ኬሚካሎች ያለዚህ ፕሮቲን ከነርቩ መውጣት አይችሉም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ የሚወርድ ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ አስቡ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ሹፌሩም መሪው ላይ ነው፣ የሌለው ፍሬን ብቻ ነው። (የዚሁ መርዝ ዘመድ ቦቱሊነም ደግሞ በተገላቢጦሹ ሞተሩን ያጠፋዋል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ በጣም በጥቂቱ ተመጥኖ ለፊት መሸብሸብ የሚወጉት ቦቶክስ እሱ ነው፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ይወጋዋል እኛ ነፃውን ክትባት ተወጉ ብለን እንለምናለን።)

«አንቲባዮቲክ ውጫለሁ፣ ይበቃኛል።» አይበቃህም። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ነርቭ ውስጥ የገባውን መቀስ ግን አይነካውም። አንቲቶክሲኑም (መርዙን የሚያመክነው መድኃኒት) የሚይዘው ገና ነርቭ ያልገባውን ብቻ ነው። የገባው እስኪጨርስ ነርቩም እስኪያገግም ሳምንታት መጠበቅ ነው። አባባን ሪፈር ጽፈን ሆስፒታል ላክናቸው፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ በእግራቸው መጡ፣ ተመስገን። ክትባት ላስጀምራቸው ስል ግን ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ አንዴ ይዞኝ የለ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርገኛል?»

እሱ ኩፍኝ ነው አባባ አልኳቸው። የዚህ መርዝ ለመግደል የሚበቃው መጠን በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ሰውነት እንዲለየውና እንዲዘጋጅለት እንኳ አይበቃም፣ ታሞ የዳነ ሰው ደግሞ ሊታመም ይችላል። ተወጉ፣ ሚስታቸውንም ይዘው ተመለሱ። ልጁ ግን «እኔን የወጋኝ የለም» ብሎ እስከዛሬ አልመጣም።

«መንጋጋ ቆልፍ ከኢትዮጵያ ጠፍቷል ተባለ እኮ።» በ2017 እንደ ፈረንጅ ጠፋ የተባለው የእናቶችና የጨቅላዎቹ ነው፣ እሱም በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት የሚያዘው ከ1 በታች ሆነ ማለት ነው። አፈሩ የት ሄደ? ስለዚህ ሴቶች፣ አምስቱን የቴታነስ ክትባት ጨርሱ፦ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው 6 ወር በኋላ፣ የቀሩት ሁለቱ አመት አመት እየቆዩ። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ከሚወስዱት ፔንታቫለንት (አምስት በሽታ የሚከላከል ክትባት) ውስጥ አለላቸው። ቁስል በውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ አመድና የቡና ዱቄት አይለጠፍበትም። እትብት ላይ ቅቤ አይቀባም፣ በዚህ ጉዳይ ከአማቴ ጋር የተጣላነው እስካሁን ሰርግ ላይ ይወራል።

የመጨረሻው አባ ሰንጋ ነው፦ «ሥጋው በደንብ ከተቀቀለ ምንም አይል።» የሱም መርዝ አንዱ ክፍል ፕሮቲን ቆራጭ ነው፣ ሴል ውስጥ መልእክት የሚያቀባብሉትን ፕሮቲኖች ይበጥሳል። መርዙን እሳት ያበላሸዋል፣ ስፖሩን ግን ድስት ላይ ማፍላት ላያጠፋው ይችላል፣ ደግሞስ ድስቱ ሳይጣድ ቆዳውን ስትገፍፉ እጃችሁ ላይ የገባውን ማን ሊቀቅለው ነው? መሃሏ የጠቆረች ቁስል ትወጣለች፣ ሕመም ስለሌላት «ቀላል ናት» ተብላ ሳምንት ትከርማለች። ሕመም የሌላት ጥቁር ቁስል ካያችሁ በዛኑ ቀን ኑ። ድንገት የሞተ ከብት ደግሞ አትረዱ፣ አትግፈፉ፣ ደሙ አየር ሲያገኝ ነው ስፖር የሚሆነው፣ የእንስሳት ሐኪሙን ጥሩ፣ ቆዳውንም ለነጋዴ አትሽጡ።