«ነጥቤን ላስተካክልና እመጣለሁ» አትበሉ

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ውስጥ፣ ሐኪም መሆን የሚፈልጉ ተማሪዎችን አማክራለሁ። የሐበሻ ልጆችም ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ግን ዘግይተው ነው። ለምን እንደዘገዩ ስጠይቅ፣ ከአክስት፣ ከጓደኛ ወይም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ የሰሙትን ይነግሩኛል። ያንኑ ነገር ደጋግሞ መስማት ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

«ፕሪሜድ ሜጀር ነው፤ ባዮሎጂ ማጥናት ግድ ነው።» ግድ አይደለም። ፕሪሜድ ማለት ለሕክምና ትምህርት መዘጋጀት ነው እንጂ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ አይደለም። ታሪክም ኢኮኖሚክስም ማጥናት ትችላላችሁ። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የሚጠይቁት ኮርሶቹን ነው፦ ባዮሎጂ፣ ጄኔራልና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ከነላብራቶሪያቸው። ብዙዎቹ ባዮኬሚስትሪም ይጨምራሉ።

«ጥሩ ውጤት ካመጣህ ሕክምና ይደርስሃል።» እዚህ እንደ አገር ቤት የሚመድብ የለም። ዲግሪ አለ፣ ኤምካት የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለ፣ ማመልከቻ አለ፣ ኢንተርቪው አለ። ማመልከቻው ብቻውን አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ 4 ዓመት አለ።

«ኤምካትን ለሙከራ ልውሰደው።» በፍጹም። የወሰዳችሁት ሁሉ ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል። በዕድሜ ልክ የሚፈቀደውም 7 ጊዜ ብቻ ነው። መለማመጃ ፈተናዎች አሉላችሁ።

«ለምክሩ ቀጠሮ እናቴ አብራኝ ብትመጣ ይሻላል።» እናት ይከበራሉ። ግን ያለ እናንተ ፈቃድ ስለ ውጤታችሁ ከእሳቸው ጋር እንዳላወራ የተማሪን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ ይይዘኛል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ነጥቤ ወርዷል፤ ላስተካክለውና እመጣለሁ።»

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ቤት ውጤቱ የተበላሸ ልጅ ከአስተማሪ ፊት ይሸሻል። አድቫይዘር፣ ማለትም እንደ እኔ ያለ አማካሪ፣ ግን ፈታኝ አይደለም። የሚቀበለውም የሚጥለውም የሕክምና ትምህርት ቤቱ ነው። አንዳንድ ኮሌጆች በማመልከቻ ጊዜ ስለ ተማሪው የሚመሰክር የኮሚቴ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እሱም ቢሆን ቀድመው ለሚያውቁት ልጅ ሲሆን ነው የሚያምረው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

አንድ ልጅ ነበር። ማታ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ይማራል። ቀጠሮው ላይ የተጣጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ በእጁ የጻፈው ጥሩ ያመጣባቸውን ኮርሶች ብቻ ነው። «ትራንስክሪፕቱስ?» ስለው ወረቀቱን እያየ ዝም አለ። በስንት ልመና ከስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ሲ ማይነስ። ይህ ያን ያህል አያስደነግጥም። ያስደነገጠኝ ለማካካስ ያደረገው ነው። ኬሚስትሪውን እየደገመ ፊዚክስና ካልኩለስ ጨምሮበታል። በሳምንት ሁለት ላብራቶሪ፣ ከሌሊት ሥራ ጋር። ሁሉም እየወረደ ነበር። ኮርስ ማቋረጫው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ገና ማለፉ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ ፊዚክሱን እናወጣው ነበር። ትራንስክሪፕቱ ላይ ደብልዩ (ኮርሱን አቋርጧል ማለት ነው) ይጻፋል እንጂ ጂፒኤው ውስጥ አይገባም።

«ስደግመው የድሮው ይጠፋል» ብሎም ያምን ነበር። ኮሌጁ ሊተካለት ይችላል። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የማመልከቻ ሥርዓት፣ አምካስ፣ ግን ጂፒኤውን ራሱ እንደገና ያሰላል፤ ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል። የሚያድናችሁ ከዚያ ወዲህ እየጨመረ የሚሄድ ውጤት ነው። ያ ደግሞ ሸክም በማብዛት አይመጣም፤ የኮርስና የሥራ ሰዓት አብሮ አይቶ በማስተካከል ነው።

ስለዚህ ስትመጡ ሙሉውን ትራንስክሪፕት ይዛችሁ ኑ። ካሚኒቲ ኮሌጅ የወሰዳችሁት፣ ሃይስኩል እያላችሁ ለኮሌጅ ክሬዲት የተማራችሁትም አይቅር። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ ከነበረ ንገሩን፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች አሜሪካ ወይም ካናዳ የተወሰደ ኮርስ ይፈልጋሉ። ግሪን ካርድ ከሌላችሁም አትደብቁ፤ የምታመለክቱባቸው ትምህርት ቤቶች በዚያ ይወሰናሉ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ ቤት ውስጥ ማንን እንደምትጦሩ ጻፉ። ገንዘብ ካጠራችሁ፣ ኤምካትንና አምካስን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የክፍያ ድጋፍ አለው፤ የኤምካቱን ዋጋ ይቀንሳል፣ የማመልከቻውንም ይሸፍናል። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ የከፈላችሁትን አይመልስም።

«ሆስፒታል ነጭ ጋውን ለብሼ ካልሆነ አይቆጠርም» የምትሉም አላችሁ። አምካስ ላይ ለሥራና ለተሳትፎ 15 ቦታ አለ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራም ይገባል። አያታችሁን ማስታመም፣ ለጎረቤት ክሊኒክ ሄዶ ማስተርጎም፣ ሁሉም ይነገር። ያ ልጅ ስለ ፓርኪንጉ ያወራኝ ተጠይቆ ነው፤ ማመልከቻው ላይ የሚጻፍ ሥራ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ቀጠሮውን ዛሬ ያዙ፤ ፍሬሽማን ብትሆኑም። የኮርስ ማቋረጫው ቀን የኮሌጃችሁ አካዳሚክ ካላንደር ላይ አለ፤ ከእሱ በፊት ይሁን።