ቤት ውስጥ የሚማሩ ልጆችና የክርስቲያን አባት ድርሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ጥናት መሠረት፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ቤት ውስጥ የሚያስተምሩት በ2020 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል መጨረሻ ላይ 5.4 ከመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጀመሪያ 11.1 ከመቶ ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ከ3.3 ወደ 16.1 ከመቶ ዘለለ። እኛም ሜሪላንድ ውስጥ ልጆቻችንን ቤት ማስተማር የጀመርነው በዚያ ወቅት ነው፤ እስካሁን አላቆምንም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰዎች ስለ «ሆምስኩል» ይጠይቁናል። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ባለቤቴ ነው። ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምን ታስተምራለህ?» ያለኝ ሰው ከሁለት አይበልጥም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

«ማስተማር የእናት ሥራ ነው፤ አባት እንጀራ ያምጣ»

አባባሉ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እናት ቤት ስትውል ገቢው አንድ ይሆናል፣ የቤት ኪራዩ ግን አይቀንስም። ስለዚህ አባት ሁለት ሥራ ይይዛል፣ ደክሞት ይገባል፣ ይተኛል። ሆኖም ጊዜ ያጠረው አባትም ድርሻ አለው።

ኦሪት ዘዳግም 6፥7 ስለ እግዚአብሔር ቃል ሲናገር «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። የተጠሩትን ጊዜያት እንያቸው፦ መቀመጫ፣ መንገድ፣ መኝታ፣ መነሻ። ቀኑን ሙሉ እርሻና ከብት ላይ የሚውል ሰው ልጆቹን የሚያገኘው በእነዚህ ሰዓታት ነበር። ዛሬ ፓርኪንግ የሚሠራውም፣ ኡበር የሚነዳውም የሚያገኛቸው በእነዚሁ ነው። «ተጫወተው» የሚለውም ቃል ደስ ይለኛል። አባቶቻችን እንግዳ ሲቀበሉ «እስቲ ተጫወቱ» እንደሚሉት ነው፤ አውጋው፣ አንሣው ጣለው ማለት ነው። ለዚህ ጥቁር ሰሌዳ አያስፈልግም።

እኔ የምሠራው ሌሊት ነው። ቤት የምደርሰው ልጆቼ ሲነሡ ስለሆነ፣ ከመተኛቴ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ተኩል ወሰድኳት። መጀመሪያ አንድ መዝሙር አብረን እናነባለን። ከዚያ ታላቋን ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ትንሹ ፊደል ይቆጥራል። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ትተኛለች፣ ወይም በእግሯ ወጣ ብላ ትመለሳለች፤ ማንም አይጠራትም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሒሳቡ ይልቅ ቤታችንን የለወጠው የእሷ ማረፍ ነው። በሁለተኛው ዓመት ላይ ደክሟት ልትተወው ደርሳ ነበር። ሌሎችም እናቶች ሲተዉት አይቻለሁ፤ ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን ብቻቸውን ስለ ተሸከሙት ነው።

«አባት የቤቱ ራስ ነው፤ መቆጣጠሩ ይበቃል»

ይህኛው ስሕተት የራሴ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ድርሻዬ መስሎኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር እሰበስብ ነበር። «ይኼን ገጽ ለምን አልጨረስሽም? ይኼስ ለምን ተሳሳተ?» እላለሁ። ሳምንቱን ሙሉ አንድም ቀን አብሬ ሳልቀመጥ ቅዳሜ ፈታኝ ሆኜ እመጣለሁ። አንድ ቅዳሜ የሴት ልጄ ደብተር ጠፋ ተባለ፤ ቤቱን በሙሉ ፈለግን። በመጨረሻ ከአልጋዋ ፍራሽ ሥር ተገኘ። የሸሸገችው እኔን ፈርታ ነበር። ያን ቀን ኤፌሶን 6፥4ን አውጥቼ አነበብኩት፦ «እናንተም አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉአቸው እንጂ አታስቆጡአቸው።» ተግሣጹን በደንብ ይዤው ነበር፤ ምክሩን ረስቼዋለሁ። ቆላስይስ 3፥21 ደግሞ ምክንያቱን ይነግረናል፦ «ልባቸው እንዳይዝል»። ልቡ የዛለ ልጅ ምን ቢያስተምሩት አይገባውም።

ራስነት ኃላፊነትን ቀድሞ ማንሣት ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ ያቃተውን ሒሳብ አባት አብሮት ሲሠራ፣ ተሳስቶም «ቆይ፣ እንደገና እንየው» ሲል፣ ልጁ ከሒሳቡ በላይ የሆነ ነገር ይማራል።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ምን አስተምራለሁ?»

ብዙ አባቶች በእፍረት የሚናገሩት ነገር ነው፣ ያሳዝነኛልም። በቅድሚያ ሕጉን እንይ። ሜሪላንድ ከወላጅ የትምህርት ማስረጃ አትጠይቅም። ቨርጂኒያ ወላጅ ለማስተማር ብቁ የሚሆንባቸውን አራት አማራጮች ታቀርባለች፤ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ አንዱ ብቻ ነው፣ አንዱን ማሟላት በቂ ነው።

ከሕጉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛን ከየትም ያገኘዋል፤ አማርኛን ከቤቱ ካላገኘ ግን ከየት ያገኛል? በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ አባት ሀሁን፣ አቡጊዳን፣ ሐዋርያን፣ ዳዊትን በእጁ ይዟል። ያላለፈም ቢሆን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ይችላል። ልጁ የአያቱን ጸሎት የሚሰማበትን ጆሮ የሚሰጠው እሱ ነው። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ለ13 ዓመት ልጁ ፐርሰንትን ያስተማረው በራሱ የቤንዚን ደረሰኝና በታክስ ወረቀቱ ነው። ልጁ አሁን የአባቱን ወጪ ይመዘግባል። አባት የማያውቀውን ደግሞ፣ ለምሳሌ አልጀብራን፣ ካን አካዳሚ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አብሮ መማር ይቻላል፤ እኔ ያደረግሁት እንደዚያ ነው።

«የቤት ጉዳይ ነው፤ መንግሥት አያገባውም»

ያገባዋል። ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ስቴቶች ሕጋዊ ነው፤ አካሄዱ ግን እንደየቦታው ይለያያል። ሜሪላንድ ከመጀመር 15 ቀን በፊት ለካውንቲው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የልጁ ሥራም ይታያል። ቨርጂኒያ እስከ ኦገስት 15 ማስታወቂያ ይገባል፣ በቀጣዩ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። በሌላ አገር ያላችሁ ወገኖች ግን የአሜሪካውን አይታችሁ አትነሡ፤ ጀርመን ክልክል ነው፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2006 እ.ኤ.አ. የጀርመንን አቋም አልነካም። ወረቀቱን መከታተልና ቀኑን ማስታወስ ለአባት የሚመች ድርሻ ነው።

«እውነተኛ ክርስቲያን አባት ልጁን ለሌላ አስተማሪ አይሰጥም»

ይህን የሚሉት ቤት ማስተማርን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ብሆን አልስማማም። አባቶቻችን ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ልጆቻቸውንም ለየኔታ ሰጡ። ቆሎ ተማሪ ሆኖ ከአገር አገር የዞረው ልጅ የተማረው ከወላጆቹ ቤት ርቆ ነው፤ ሊቃውንቱ የወጡትም ከዚያ ነው። ዘዳግም 6 አባትን ያዘዘው ቃሉን ለልጁ እንዲያስተምር ነው፤ ጂኦግራፊውን ማን ያስተምር የሚለውን ለቤተሰቡ ትቶታል። ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት የላከ አባት ማታ ማታ ቢያነብለት ትእዛዙን ፈጽሟል። ቤት የሚያስተምርም አባት ዝም ካለ አልፈጸመም።

«አባት በሌለበት ቤት አይሞከርም»

ጢሞቴዎስን እናስብ። አባቱ የግሪክ ሰው እንደነበረ የሐዋርያት ሥራ 16 ይነግረናል። እምነቱ ግን የመጣለት ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ መሆኑን ጳውሎስ ጽፏል። ጳውሎስ ራሱም «ልጄ» ይለው ነበር። በእኛ ዘንድ ለዚህ የታወቀ ስም አለ፦ የክርስትና አባት። ብዙዎቻችን በ40 ቀኑ ልጁን አቅፈን ቆመን፣ ግብዣውን በልተን፣ ከዚያ በኋላ በዓል ሲመጣ ብቻ እንደውላለን። ክርስትና ስናነሣ የገባነው ቃል ግን ልጁን ሃይማኖቱን ለማስተማር ነበር። እኔ ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ዘንድሮ 11 ዓመቱ ነው፤ እናቱ ብቻዋን ታሳድገዋለች፣ ቤት ታስተምረዋለች። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እኛ ቤት ይመጣል። ከልጆቼ ጋር ይቀመጣል፣ ተራውን ያነባል፤ እናቱ እስክትመጣ ድረስ ሒሳቡን አብረን እንሠራለን።