ስታቢላይዘር ምንድን ነው? የእጅ እንጂ የወፍ ማቆሚያ አይደለም

«ሌንስህ ስታቢላይዘር ካለው ስለ ሻተር ፍጥነት አትጨነቅ» የሚለው ምክር ሐዋሳ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ የካሜራ ጥገና ወደምሠራበት ሱቅ ከደረሰ ሰነባብቷል። ስታቢላይዘር የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ የሌንስ ክፍል ነው፤ የሻተር ፍጥነት ደግሞ ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት የሚወስነው ነው። በቅርቡ አንድ ወጣት ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ ስታቢላይዘሩ ሞቷል መሰለኝ፣ ይዩልኝ» አለኝ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ተመለከትኳቸው። የዓሣ አንጀት እየጠበቁ የቆሙት አባ ኮዳዎች በ250 ሚሊሜትር የሌንስ ርዝመትና (ይህ ቁጥር ሲጨምር ሩቁ ይቀርባል) በሰከንድ 1/100ኛ ተነሥተው ላባቸው ተለይቶ ይታያል፤ ለመነሣት ክንፋቸውን የዘረጉት ግን ሁሉም ብዥ ብለዋል። በዚያ ፍጥነት፣ ያለ ትራይፖድ፣ የቆመው ወፍ ጥርት ብሎ መውጣቱ ራሱ ስታቢላይዘሩ በሚገባ እንደሚሠራ ይመሰክራል።

በሌንሱ ውስጥ የካሜራውን መዘንበል የሚለኩ ጥቃቅን ጋይሮስኮፖች አሉ፤ አንዱ የላይና የታቹን፣ ሌላው የግራና የቀኙን ይለካል። እነርሱ በሚሰጡት መረጃ መሠረት አንድ የመስታወት ክፍል በኤሌክትሮማግኔት ኃይል ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እየተንሸራተተ ምስሉ ብርሃን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ በሴንሰሩ፣ ላይ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው። ጋይሮስኮፖቹ የሚያውቁት ካሜራውን ብቻ ነው፤ ከፊቱ ወፍ ይሁን ግድግዳ፣ የቆመ ይሁን የሚበር አያዩም። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።

ነገሩን በባጃጅ ልመስለው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው፣ በኮብልስቶን ላይ እየተጓዙ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ እንበል። አጠገብዎ ያለው ሰው ክርንዎን ደግፎ ቢይዝልዎ ፊርማዎ ይስተካከላል፤ ስታቢላይዘር ማለት ይህ ደጋፊ ሰው ነው። ነገር ግን ወረቀቱን የያዘው ልጅ እየጎተተ ቢያስቸግርዎ ክርንዎ የቱንም ያህል ቢደገፍ ፊርማው መበላሸቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ያለው መፍትሔ ልጁ ወረቀቱን ሳይጎትተው በፊት ፈርሞ መጨረስ፣ ማለትም ሻተሩን ማፍጠን ነው። ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠውና፣ እስክሪብቶው ቀለሙ የሚዘረጋ ከሆነ ደጋፊውም ሆነ ፍጥነቱ አያድነውም፤ ርካሽ ዙም ሌንስ በመጨረሻው ርዝመቱና በሰፊው አፐርቸሩ (ብርሃን በሚገባበት ቀዳዳ) የሚሰጠው ጥርት የማይል ምስል እንዲህ ያለ እስክሪብቶ ነው። አፐርቸሩን ከ5.6 ወደ 8 ማጥበብ አብዛኛውን ጊዜ ይረዳዋል።

«4 ስቶፕ ያተርፋል ተብሎ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። አንድ ስቶፕ ማለት ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ ነው፤ ትርፉ ከምን ላይ እንደሚታሰብ ግን አብሮ ይናገር። በልማድ እጅ ለያዘው ካሜራ የሚበቃው ፍጥነት አንድ ለሌንሱ ርዝመት ነው፤ በካኖን ትንሽ ሴንሰር ላይ 250 ሚሊሜትር በ1.6 ሲባዛ 400 ስለሚሆን መነሻው 1/400ኛ ይሆናል። ከዚያ 4 ጊዜ በግማሽ ሲወርዱ 1/25ኛ ላይ ይደርሳሉ። ይህ ትርፍ ለቆመ ነገር ብቻ የሚሠራ ነው፤ ለሚበር ወፍ ከ1/1000ኛ በታች ባይወርዱ ይሻላል፣ ሐይቁ ላይ ባለበት እየተርገበገበ ዓሣ ለሚያደባው ጥቁርና ነጭ ወፍ ደግሞ 1/2000ኛም ላይበቃ ይችላል። ሙሉ ፀሐይ ባለበት ሰዓት አፐርቸር 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 እና 1/1600ኛ አብረው ይሄዳሉ፤ በደመና ጊዜ አይኤስኦውን ወደ 1600 ማሳደግን አይፍሩ። ኖይዝ (የነጠብጣብ ብዛት) ያለበት ፎቶ ይታያል፤ የተንቀሳቀሰ ክንፍ ግን በኮምፒውተር አይመለስም።

ሲገዙ የሚያታልል ነገርም አለ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1995 ስታቢላይዘር ያለውን የመጀመሪያ የኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ሌንስ ለገበያ ሲያቀርብ ርዝመቱ ከ75 እስከ 300 ሚሊሜትር ነበር። በርካሽ የሚገኘውና ሦስተኛው እትም የሚባለው የካኖን 75-300 ግን ቁጥሩ ያው ሆኖ ስታቢላይዘር የለውም። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ፊደሉን ይመልከቱ፤ ካኖን አይኤስ (IS)፣ ኒኮን ቪአር (VR)፣ ታምሮን ቪሲ (VC) ብለው ይጽፉበታል።

ጥርት ያላለ ፎቶ ሁሉ የመንቀጥቀጥ ውጤት እንዳልሆነም ልጨምር። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከሐይቁ ዳር ሆነው በውኃውና በጋለው መሬት ላይ አሻግረው ሩቅ ያለ ነገር ቢያነሡ፣ ሙቀቱ የሚያርገበግበው አየር ምስሉን ያሟሟዋል፤ ይህን ውድ ሌንስም አያስተካክለውም። ወይ ቀረብ ማለት ወይ በማለዳ መምጣት ነው፤ የዓሣ ገበያውም የሚደምቀው በማለዳ ነው።

ከጥገና ጠረጴዛዬ ሁለት ነገር ላክል፤ ማንም ባይጠይቀኝም። ካሜራው ጠፍቶ ሌንሱን ሲነቀንቁት የሚሰማው ቋ ቋ የሚል ድምፅ በብዙዎቹ ላይ ያ ተንሸራታች ክፍል በነፃነት ሲወዛወዝ የሚያሰማው እንጂ ስብራት አይደለም። ሌንሱን ከካሜራው ከመንቀልዎ በፊት ግን ካሜራውን ያጥፉ፤ ስታቢላይዘሩ እየሠራ ሳለ ቢነቀል ክፍሉ ወደ ማረፊያው ሳይመለስ በጉዞ ላይ ሊንገላታ ይችላል። ወጣቱም ሌንሱን ከቦርሳው አውጥቶ ሲያሳየኝ «ቋ ቋ ይላል» ብሎ ነበር፤ ለዚህ ሳላስከፍለው 1/1600ኛን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼው ወደ አሞራ ገደል መለስኩት።